ዶሮዋ ሆዷን ሲያማት፦ ቤት ማስታመም፣ መድኃኒት መግዛት ወይስ ሐኪም መጥራት?

ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች። ደከም ብላ ከታየች ሌሎቹ ይነቁሯታል፣ ጭልፊትም ዓይኑን ይጥልባታል። ስለዚህ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ጥግ የያዘች ዶሮ ካያችሁ ሕመሙ የዛሬ አይደለም። ትናንት ወይም ከዚያ በፊት ጀምሯታል። ያላችሁ ጊዜ አጭር ነው።

በዚያች አጭር ጊዜ ሰው የሚያደርገው ይታወቃል። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይወቅጣል። አንዱ ከሰፈር ፋርማሲ የሰው ቴትራሳይክሊን ገዝቶ ካፕሱሉን ውሃዋ ላይ ይበትናል። አንዱ የእንስሳት ሐኪም ስልክ ያፈላልጋል። ሌላው «ሳትሞት» ብሎ ቢላዋ ይስላል። እነዚህ ሁሉ መንገዶች የየራሳቸው ቦታ አላቸው፣ ከአንዱ በስተቀር። ካፕሱሉን ማለቴ ነው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

የምጽፈው ጓሮው ውስጥ ጥቂት ዶሮ ላለው ሰው ነው። ሀበሻ ትሁን፣ ቦቫንስ ወይም ሳሶ ለውጥ የለውም። ሺህ ዶሮ ያለው ሰው ሌላ ስሌት አለው።

መጀመሪያ ኩሱን እዩ

የቱ ሕክምና እንደሚሻል ለመምረጥ ምን እንደያዛት መገመት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ከኩሷ የተሻለ መረጃ የለም። ማታ ቆጡ ሥር ጋዜጣ ወይም ካርቶን አንጥፉና ጠዋት በብርሃን እዩት።

የጤነኛ ዶሮ ኩስ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው፣ ቅርጽ ይይዛል፣ አናቱ ላይ ነጭ ነገር አለ። ነጩ ሽንቷ ነው። ዶሮ ሁለቱን ለየብቻ አታወጣም። በቀን ጥቂት ጊዜ ደግሞ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ የሚያጣብቅና በጣም የሚገማ ኩስ ትጥላለች። ይሄ ከአንጀቷ መጨረሻ ካሉት ሁለት ከረጢቶች የሚወጣ ነው፣ ጤነኛም ነው። ስንቱ «ተቅማጥ ያዛት» ብሎ መድኃኒት የገዛው ይህንን አይቶ ነው! እንቁላል ታቅፋ የምትውል ዶሮም ከጎጆዋ የምትነሳው አልፎ አልፎ ስለሆነ ኩሷ ትልቅና ክፉ ሽታ ያለው ይሆናል። እሷም አልታመመችም።

ሊያሳስባችሁ የሚገባው ሌላ ነው። ደም የተቀላቀለበት ኩስ፣ በተለይ በጫጩትና በቄብ ላይ፣ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ኮክሲዲዮሲስን፣ ማለትም ጥቃቅን ተባይ የሚያመጣውን የአንጀት በሽታ፣ ነው። (ቀይ ሥር ሰጥታችኋት ከሆነ ግን ተረጋጉ።) አረንጓዴ ውሃማ ኩስ ሁለት ትርጉም አለው። ምግብ ካቆመች ሐሞቷ ብቻ ስለሚወጣ አረንጓዴ ይሆናል። ፈንግልም እንዲሁ ያደርጋል። ጎመን ጠግባ የበላች ዶሮ ደግሞ ያለ ምንም በሽታ አረንጓዴ ትጥላለች። ነጭ፣ ኖራ የመሰለ ተቅማጥ በትንንሽ ጫጩቶች ላይ ሳልሞኔላን፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባሉት ላይ ጉምቦሮ የሚባለውን የቫይረስ በሽታ ያስጠረጥራል። ውሃ ብቻ የሆነ ኩስ ብዙ ጊዜ ከሙቀት ወይም ከጨው ብዛት ነው። ጥሬው ሳይፈጭ ከወጣ ጡንቻማው ጨጓራዋ የሚፈጭበት ጠጠር አጥቷል፣ ወይም አንጀቷ በትል ወይም በሌላ ነገር ተጎድቷል።

ሁለተኛው ምርመራ እጃችሁን ብቻ ይፈልጋል። ዶሮ የበላችውን መጀመሪያ የምታጠራቅምበት ከረጢት አንገቷ ሥር፣ ከደረቷ በስተቀኝ በኩል አለ። ማታ ስትተኛ ሞልቶ ይዳሰሳል። ጠዋት ምግብ ሳትቀምስ ባዶ መሆን አለበት። ጠዋትም እንደሞላ ካደረ ችግሩ ያለው እዚያው ከላይ ነው እንጂ አንጀቷ ላይ አይደለም። ሕክምናውም ይለያል።

ሦስተኛውና ለምርጫችሁ ትልቁን ክብደት የሚይዘው ጥያቄ፦ የታመመችው አንድ ናት ወይስ ብዙ? አንዲት ዶሮ ብቻ ከታመመች አስታማችሁ ለማየት አንድ ቀን አላችሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ሦስት ከታመሙ ግን ቤት ውስጥ የሚደረግ ሙከራ የለም። ስልኩን አንሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሆዷን የታመመች የምትመስል ግን ሌላ ጣጣ ያለባት ዶሮ አለች። እንቁላል መሐል ላይ የቀረባት ዶሮ ጅራቷን ዝቅ አድርጋ፣ እግሯን አራርቃ እየተንገዳገደች ትሄዳለች፣ ታምጣለች፣ ኩሷም ይቀንሳል። ከመውጫዋ በታች ሆዷን ቀስ ብላችሁ ስትዳስሱ ጠንካራ ነገር ካገኛችሁ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጧት፣ ሙቅ ቦታም አሳድሯት። አትጫኑት። ውስጥ ከተሰበረ ትሞታለች።

ቤት ውስጥ ማስታመም

ለየትኛውም ሕመም መጀመሪያ የሚደረገው ይኸው ነው። ብዙ ሰው ግን እንደ ሕክምና አይቆጥረውም። እኔ ከሁሉም በላይ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። ሆዷን የታመመች ዶሮን ቶሎ የሚገድላት የውሃ ማነስና ብርድ ነው። ሁለቱንም ያለ ሐኪም ማስተካከል ይቻላል።

ከሌሎቹ ለዩዋት። ካርቶን ውስጥ ጨርቅ ወይም ጋዜጣ አንጥፋችሁ ነፋስ የማይገባበት ቦታ አኑሯት። ሰጋቱራ አታንጥፉ፣ ኩሱን ማየት ትፈልጋላችሁ። የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከኛ በብዙ ይበልጣል። የታመመች ዶሮ ያንን ሙቀት ለመጠበቅ ያላትን ጉልበት ሁሉ ታወጣለች። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት አይቻልም። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጎኗ አድርጉላት። ከሞቃት መሸሽ እንድትችል ሙቀቱ በካርቶኑ በአንድ ወገን ብቻ ይሁን።

ውሃው ላይ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጨምሩ። ከጤና ጣቢያም ከፋርማሲም ይገኛል፣ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠበጣል። ካጣችሁ በ1 ሊትር ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨዋታ አይደለም፣ ጨው ሲበዛ ዶሮ ይገድላል፣ በዓይን ግምት አትጨምሩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣውን ድፉትና አዲስ በጥብጡ። አንድ ሁለት ቀን ከሰጣችሁ በኋላ ወደ ንጹህ ውሃ መልሷት።

ራሷ ካልጠጣች መርፌ በሌለው ስሪንጅ መንቆሯ ጫፍ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉላት፣ ራሷ ትውጠው። አፏን ከፍታችሁ አትገልብጡባት። የመተንፈሻዋ ቀዳዳ ምላሷ ሥር ነው፣ ውሃው ቀጥታ ሳንባዋ ይገባል። ሊያድኗት ሲሉ ውሃ አንቀው የሚገድሏት ብዙ ናቸው።

ምግብ ላይ አትጨነቁ። የለመደችውን መኖ በለብታ ውሃ አርጥባችሁ ስጧት። ካልወደደችው የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ወይም ነጭ ሩዝ። አንድ ማንኪያ እርጎ ችግር የለውም። ወተት ግን አይሆንም፣ ዶሮ የወተትን ስኳር መፍጨት ስለማትችል ተቅማጡን ያብሰዋል። ዳቦና አተላም ይቅሩባት። መኖውን ደግሞ አሽትቱት። የሻገተ በቆሎ ወይም የሻገተ ፋጉሎ ካለበት በሽታው ከመኖው ጆንያ ውስጥ ነው የመጣው። በዓይን የሚታየውን ሻጋታ ለቅሞ መጣል አይበቃም፣ የሻጋታው መርዝ አይታይም። ሙሉውን ጣሉት።

ይህ መንገድ የሚመረጠው አንዲት ዶሮ ብቻ ከታመመች፣ ደም ከሌለ፣ አተነፋፈሷ ደህና ከሆነና ቆማ መራመድ ከቻለች ነው። የጊዜ ገደብም አለው። በ24 ሰዓት ውስጥ ትንሽ መንቃት፣ መጠጣት፣ መጫር መጀመር አለባት። ካልጀመረች ወደሚቀጥለው እለፉ። «እስቲ እስከ እሑድ እንያት» የሚባል ነገር የለም።

ጠዋት ያልጎደለ ከረጢት

ይህ ለብቻው መታየት አለበት። ሁለት ዓይነት ነው፣ የአንዱ ሕክምና ለሌላው አይሆንም።

አንገቷ ሥር ያለው ከረጢት ሲዳሰስ እንደ ሊጥ ወይም እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ታጉሯል ማለት ነው። ምክንያቱ ረጅም ሣር፣ ገመድ፣ ላባ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ደግሞ የተቀዳደደ ፌስታል። ጥሬና መኖ አንሱባት፣ ውሃ ይኑራት። ሁለት ሦስት ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት በስሪንጅ ጠብ እያደረጋችሁ ስጧትና ከረጢቱን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ሣር ከሆነ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይላላል። ፌስታል ከሆነ አይላላም። ሁለተኛው ጠዋትም ካልጎደለ ሐኪም ከፍቶ ያወጣዋል። ሥራው ለሚያውቅ ሰው ከባድ አይደለም። በምላጭ ራሳችሁ እንዳትሞክሩት እንጂ።

ከረጢቱ ውሃ የሞላ ፊኛ ከመሰለ፣ አፏም የኮመጠጠ ሽታ ካለው፣ ውስጡ እርሾ መሰል ፈንገስ ተራብቷል። ለዚህ ዘይትና መታሸት አይጠቅምም። የፈንገስ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ኒስታቲን፣ ያስፈልጋል፣ መጠኑን በክብደቷ አስልቶ የሚነግራችሁ ሐኪም ነው። ብዙ ሰው አቼቶ ውሃ ላይ ጠብ ያደርጋል። እንደ መከላከያ ትንሽ ቢጨመር አይጎዳም፣ የያዛትን ፈንገስ ያድናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

ዩቲዩብ ላይ ዶሮዋን ቁልቁል ዘቅዝቀው የሚያስተፏት ሰዎች ታያላችሁ። አታድርጉት። የሚወጣው ፈሳሽ ግማሹ ወደ ሳንባዋ ይሄዳል፣ እጃችሁ ላይም ልትሞት ትችላለች።

የባህሉ መድኃኒት

ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ በርበሬ፣ አረቄ። በየገጠሩ ለዶሮ የሚሰጡት እነዚህ ናቸው፣ ለዘመናት ተሰጥተዋል። ሁሉንም በአንድ ላይ ማጣጣልም፣ ማመንም ልክ አይደለም።

ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በትንሹ ከመኖ ጋር ቢሰጡ ጉዳት የላቸውም። መብላት ያቆመች ዶሮም ሽታቸው ስቧት ልትለቅም ትችላለች። ሎሚም ያው ነው። በርበሬ ደግሞ አስቂኝ ነው፦ ወፎች የማቃጠሉን ስሜት አያውቁትም፣ የሰው ዓይን የሚያስለቅሰው ሚጥሚጣ ለዶሮ ምንም አይደለም። ስለዚህ በርበሬው ራሱ አያሠቃያትም። ወጥ ቤት ያለው የተደለዘ በርበሬ ግን ጨው አለበት። ተቅማጥ ለያዛት ዶሮ ጨው ስለመጨመር ከላይ ያልኩትን አስታውሱ። አረቄን በተመለከተ አጭር ነው መልሴ፦ አይሰጥም። ውሃ ለጎደላት ዶሮ አልኮል ተጨማሪ ውሃ ያሳጣታል።

የባህሉ መንገድ ትልቁ ችግር ግን መርዝነቱ አይደለም። ጊዜ ይበላል። ኮክሲዲዮሲስ ያለባት ቄብ ሦስት ቀን ሽንኩርት ስትውጥ ቆይታ አራተኛው ቀን ላይ የበሽታው መድኃኒት አምፕሮሊየም ቢገኝላትም አንጀቷ አልቋል። ከእናት ከአያት የወረስነውን መስጠት ከፈለጋችሁ ካርቶኑ፣ ሙቀቱና ውሃው ከተዘጋጁ በኋላ፣ ከነሱ ጋር ስጡ። በነሱ ፋንታ አይሁን።

ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠት

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልሂድ።

የእንስሳት መድኃኒት ቤት ገብታችሁ «ዶሮዬ ተቅማጥ ይዟታል» ብትሉ ብዙውን ጊዜ የሚወጣላችሁ የኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት ነው። የሰው ፋርማሲ ከሄዳችሁ ደግሞ ያ ካፕሱል። ሁለቱም አንቲባዮቲክ ናቸው፣ ባክቴሪያ ላይ ብቻ ይሠራሉ። አሁን ዶሮን የሚያስቀምጣትን ቁጠሩ። ኮክሲዲዮሲስ ባክቴሪያ አይደለም። ፈንግልና ጉምቦሮ ቫይረስ ናቸው። ትል ትል ነው። ፈንገሱን አንቲባዮቲክ ጭራሽ ያብሰዋል፣ ምክንያቱም ፈንገሱን የሚገቱትን ደጋግ ባክቴሪያዎች ይገድላል። የታጎረ ከረጢትን ደግሞ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርገውም። ካፕሱሉ የሚረዳበት ሁኔታ አለ፣ ሳልሞኔላና የመሳሰሉት። ያንን ግን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም።

ሌላም አለ። አንድ ካፕሱል በስንት ውሃ? ስንት ጠጣች? የታመመች ዶሮ ብዙ ጊዜ አትጠጣም፣ መድኃኒቱን የሚጠጡት ጤነኞቹ ናቸው። ቴትራሳይክሊን ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ ይተሳሰርና ሰውነት አይቀበለውም። ውሃዋ ላይ ካፕሱሉን፣ መኖዋ ላይ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ካደረጋችሁ ገንዘባችሁን ኩስ ላይ ነው የምታዩት። እንቁላሉም ውስጥ ይገባል። ልጆች የሚበሉት እንቁላል ነው።

ከአንቲባዮቲኩ ይልቅ ቤት ለሚያስታምም ሰው የሚጠቅመው አምፕሮሊየም ነው። ለኮክሲዲዮሲስ ብቻ የተሠራ ነው። የ45 ቀን ጫጩት ገዝታችሁ ካሳደጋችሁ ይህን ስም ያዙት። ያ ዕድሜ ኮክሲዲዮሲስ በጣም የሚበረታበት ነው፣ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ጥቂት ወራት ድረስ። ትልልቆቹ ዶሮዎች ብዙዎቹ ቀድመው ተጋልጠው ስለተቋቋሙት እምብዛም አይዛቸውም። የበሽታው እንቁላል እርጥብና ሞቃት ጉዝጓዝ ላይ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ለመበከል ይደርሳል። ለዚህ ነው በክረምት፣ መጠጫው በሚፈስበት ጥግ ላይ የሚነሳው።

አሰጣጡ፦ 20 በመቶ የሆነው ዱቄት በ1 ሊትር ውሃ 0.6 ግራም ነው፣ ሕመሙ ከጠናባቸው 1.2 ግራም። ለ5 ቀን ያህል፣ ከዚያ በግማሹ ቀንሶ አንድ ሁለት ሳምንት። ዕሽጉ ላይ ሌላ ከተጻፈ የዕሽጉን ተከተሉ፣ ምርቱ የተለያየ ጥንካሬ አለው። ከዚህ ውጪ ሌላ ውሃ እንዳያገኙ አድርጉ። አንዲት ትልቅ ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ገደማ ስለምትጠጣ ለአራት ዶሮ 1 ሊትር ይበቃል። 0.6 ግራም በማንኪያ አይለካም። መድኃኒት ቤቱ መዝኖ በየቀኑ እንዲከፋፍልላችሁ ጠይቁ፣ አለዚያ የሰፈር ወርቅ ቤት ሚዛን አለ። በየጠዋቱ አዲስ በጥብጡ።

እዚህ ላይ ሻጩ ብዙ ጊዜ የማይነግራችሁ ነገር አለ። አምፕሮሊየም የሚሠራው ተባዩን ቫይታሚን ቢ1 በማሳጣት ነው። እኛ አገር ደግሞ ለታመመ ዶሮ ሁሉ «ቫይታሚን ጨምርላት» ይባላል። ሁለቱን አንድ ላይ ከሰጣችሁ ቫይታሚኑ መድኃኒቱን ያከሽፈዋል። ቫይታሚኑን መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ስጡ።

ለትል የሚሆነው ሌላ ነው። ትል በአንድ ሌሊት አይጥልም። ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። የደረቷን አጥንት ስትዳስሱ እንደ ቢላዋ ስለታም ከሆነ፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ከገረጣ፣ ኩሷ ላይ ነጭ ክር መሰል ትል ካያችሁ፣ መልሱ የትል መድኃኒት ነው። ፒፐራዚን ለትልቁ ክብ ትል ብቻ ይሠራል። አልቤንዳዞል ብዙ ዓይነት ይነካል፣ ግን ገበያ ላይ ያለው ለበግና ለከብት የተሠራ ፍሬ ነው፣ መጠን የሚሳተው እዚህ ነው። ለዶሮ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ይሰጣል። አንድ ኪሎ ተኩል ለምትመዝን ዶሮ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ግራም ማለት ነው። 300 ሚሊ ግራም የሆነው የበግ ፍሬ እንግዲህ ከአሥር እስከ ሃያ ዶሮ ያደርሳል። ግማሹን ለአንዲት ዶሮ የሚያጎርሱ አሉ። ላባዋን እየለወጠች ያለችን ዶሮ ደግሞ አትስጧት፣ አዲሱ ላባ ተጣሞ ይበቅላል።

የእንቁላሉ ነገር፦ ዕሽጉ ላይ እንቁላል የማይበላበት ጊዜ ከተጻፈ እሱን ጠብቁ። ካልተጻፈ፣ ለዶሮ ያልተሠራ መድኃኒት ከሆነም፣ ከመጨረሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንቁላሉን ጣሉት። ሁዳዴ ላይ ከሆናችሁ ነገሩ ይቀላል፣ ግን ለጎረቤት ልጆችም አትስጡ።

አሜሪካ ጓሮ ዶሮ የምታረቡ ወገኖች፣ ለእናንተ መደብሩ ሌላ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊንን የመሰሉ አንቲባዮቲኮች ያለ እንስሳት ሐኪም ማዘዣ አይሸጡም። አምፕሮሊየም ግን እስካሁን ያለ ማዘዣ ይገኛል። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወፍ ጉንፋን እየተዛመተ ስለሆነ ዶሮዎቻችሁ በድንገት ከሞቱ ሳትነኩ ለግዛታችሁ የእንስሳት ጤና ቢሮ መደወል ይቀድማል።

ሐኪም፣ በሕይወትም ሳለች ከሞተችም በኋላ

«ከዶሮዋ ዋጋ የሐኪሙ ይበልጣል» የሚለው ክርክር አንዲት ዶሮ ብቻ ላለው ሰው እውነት ነው። ስድስት ላለው ግን ሐኪሙ የሚያየው ስድስቱን ነው።

ሳትዘገዩ መጥራት ያለባችሁ፦ ከአንድ በላይ ከታመሙ፣ ደም በብዛት ካለ፣ ከተቅማጡ ጋር ማቃተትና አፍ ከፍቶ መተንፈስ ካለ፣ ክንፋቸው ከወደቀ፣ አንገታቸው ከተጣመመ። የመጨረሻዎቹ የፈንግል ምልክቶች ናቸው። ለፈንግል መድኃኒት የለም። የሚጠቅመው ክትባት ብቻ ነው፣ እሱም ሳይታመሙ በፊት። ሐኪሙ የሚያደርግላችሁ የቀሩትን እንዴት እንደምታተርፉና ጎረቤት እንዳይዛመት ማሳወቅ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና «ዶሮ ታያላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ የከተማ ክሊኒክ ውሻ ይበዛዋል፣ ስለ ዶሮ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ቢሾፍቱ አካባቢ ከሆናችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው፣ ክትባቱን የሚያመርተው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም እዚያው። ስትሄዱ የዛሬ ጠዋት ኩስ በንጹህ ፌስታል፣ የመኖውን ናሙና፣ የሰጣችኋትን መድኃኒት ዕሽግ ይዛችሁ ሂዱ። «አንድ ነጭ ዱቄት» ማለት ለሐኪም ምንም አይነግረውም።

ዶሮዋ ከሞተችስ? ሰው ወዲያው ይቀብራል ወይም ገንዳ ይጥላል። እኔ የማማክረው ሌላ ነው። የሞተች ዶሮ ስትከፈት ከሕያዋኗ በላይ ትናገራለች። ኮክሲዲዮሲስ ይሁን ትል፣ ፈንግል ይሁን እንቁላል፣ ብዙው በአንድ ምርመራ ይለያል፣ የቀሩት አምስትም ትክክለኛውን መድኃኒት ያገኛሉ። በሁለት ፌስታል አስራችሁ፣ ቀዝቃዛ ቦታ አቆይታችሁ፣ በዚያው ቀን ውሰዷት። ፍሪዘር ውስጥ አታስገቧት፣ በረዶው ሥጋውን ያበላሻል፣ ምርመራውም አይታይም።

ቢላዋውስ?

ይህን ምርጫ የሚያፍርበት የለም፣ ጓሮ ዶሮ በመጨረሻ ለድስት ነው። ከረጢቷ በፌስታል የታጎረ ወይም እግሯ የተሰበረ፣ ሌላ ሕመም የሌላት፣ መድኃኒት ያልወሰደች ዶሮ ብትታረድ ሥጋዋ ይበላል። መድኃኒት የጀመረች ዶሮ ግን የመድኃኒቱ ጊዜ ሳያልፍ አትታረድም። ተቅማጥና ትኩሳት ያላትን አርዶ መብላትም ሳልሞኔላን ቤት ማስገባት ነው፣ ወጡ ቢበስልም መክተፊያውና እጅ ይበከላሉ። ሳትታረድ ለሞተችው በክት ስለሆነች ክርክር የለም።

በጣም የሚያናድደኝ ሌላ ልማድ አለ። ፈንግል ሲገባ «ሳያልቁ» ተብሎ የቀሩት ጠዋት ገበያ ይወጣሉ። ጤነኛ የሚመስሉት በበሽታው ተይዘው ምልክት ያላሳዩ ናቸው፣ ምልክቱ እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ አምስት ስድስት ቀን፣ አንዳንዴ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ገዥው ቤቱ ሲደርስ የራሱን ይጨርስበታል። ፈንግል በበዓል ገበያና በክረምት መግቢያ የሚዛመተው አንዱ በዚህ መንገድ ነው። የሞቱትን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሩና ኖራ ነስንሳችሁ ቅበሩ፣ ውሻ እንዳያወጣቸው።

ከገበያ አዲስ ዶሮ ስታመጡም ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። ክትባቱ ርካሽ ነው፣ ግን ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ለአምስት ዶሮ ብቻ መግዛት አያዋጣም። ከጎረቤት ጋር ተባብራችሁ በአንድ ቀን አስከትቡ። በመጠጥ ውሃ የሚሰጠው ዓይነት ከሆነ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል፣ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውሃ ካልተገኘ በሊትር ሁለት ግራም ያህል ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት ቀድማችሁ ጨምሩ። ከተበጠበጠ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት።

ዶሮዋ ከዳነች፣ ኩሷ ለሦስት ቀን ተከታትሎ ከተስተካከለና ክብደቷን መመለስ ከጀመረች ወደ ሌሎቹ ልትመልሷት ትችላላችሁ። በቀን ከለቀቃችኋት እንደ እንግዳ ይቆጥሯትና ይነቁሯታል። ማታ፣ ሌሎቹ ቆጥ ላይ ከተኙ በኋላ፣ በጨለማ መሐላቸው አስቀምጧት። እንቁላል ለመጀመር ጥቂት ሳምንት ሊፈጅባት ይችላል፣ በዚያ መሐል መኖዋን አትቀንሱባት።